በቻይና ፈጣን ባቡር በፓስፖርት እንዴት እንጓዝ? ከትኬት ቆረጣ እስከ መውጫው በር

ቻይና የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ፈጣን ባቡሩን የውጭ ሰው እንዴት ነው የሚሳፈረው?» አንዱ ከጓንጆ ወደ ሼንዘን ሊሄድ ነው። ሌላዋ ቤጂንግ አርፋ ወደ ሻንጋይ ልትቀጥል ነው። በድምፅ መልእክት ስመልስ አንዱን ስናገር ሌላውን እረሳለሁ። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ላይ ጻፍኩላችሁ።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙልኝ። ባቡሩ ውስጥ ከተቀመጣችሁ በኋላ ምንም የሚያስቸግር ነገር የለም። ሰው የሚቸገረው ጣቢያው ላይ ነው። ትልልቆቹ ጣቢያዎች የአውሮፕላን ማረፊያ ያክላሉ። ፍተሻ አላቸው፣ በሩ ባቡሩ ከመነሳቱ በፊት ይዘጋል፣ ባቡሩም ማንንም አይጠብቅም። ሐሳባችሁን ሁሉ ጣቢያው ላይ አድርጉ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ዋናው ፓስፖርት። ፎቶ ኮፒም ሆነ የስልክ ፎቶ አይሠራም። ትኬቱ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ እጃችሁ ላይ ያለው ትኬት ፓስፖርቱ ራሱ ነው።
- ቻይና ውስጥ የሚሠራ ኢንተርኔት፣ ማለትም ሮሚንግ ወይም የአገሩ ሲም። ጎግልና ጎግል ማፕ በቻይና ኔትወርክ አይከፈቱም።
- አሊፔይ ወይም ዊቻት ፔይ የሚባሉት የስልክ መክፈያ አፖች፣ የባንክ ካርዳችሁ ከተያያዘበት በኋላ። ይህን ከአገር ሳትወጡ ጨርሱት፤ ማረጋገጫ ኮድ የሚላከው አብዛኛውን ጊዜ በምትጠቀሙበት ስልክ ቁጥር ነው።
- ትንሽ ዩዋን በጥሬው። ስልክ ባትሪ ሲጨርስ የሚያድናችሁ እሱ ነው።
- የባቡሩ ቁጥር፣ የፉርጎው ቁጥርና የወንበሩ ቁጥር የሚታይበት ስክሪንሹት።
- የመነሻና የመድረሻ ጣቢያው ስም በቻይንኛ ጽሑፍ፣ ስልካችሁ ላይ። ለታክሲ ሹፌር የምታሳዩት እሱን ነው።

አሠራሩ

1. ከተማውን ሳይሆን ጣቢያውን ለዩ።

አንድ ከተማ ውስጥ አራትና አምስት የባቡር ጣቢያ ሊኖር ይችላል። ቤጂንግ ውስጥ ቤጂንግ የሚባል ጣቢያ አለ፣ ቤጂንግ ደቡብ አለ፣ ቤጂንግ ምዕራብ አለ፣ ሌሎችም አሉ። ወደ ሻንጋይ የሚሄዱት ፈጣን ባቡሮች በአብዛኛው የሚነሱት ከቤጂንግ ደቡብ ነው፤ የሚደርሱትም ብዙዎቹ ሻንጋይ ሆንግቺያኦ ነው። ጓንጆ ላይ ደግሞ ጓንጆ ደቡብ ከመሃል ከተማው ርቆ የሚገኝ ሌላ ጣቢያ ነው።

አራት የቻይንኛ ቃላት ልመዱ። ናን ደቡብ ነው፣ ቤይ ሰሜን፣ ዶንግ ምሥራቅ፣ ሺ ምዕራብ። ከከተማው ስም ቀጥሎ ይመጣሉ። «ጓንጆ ናን» ብሎ ለሹፌር የተናገረና «ጓንጆ» ብቻ ያለ ሰው ሁለት የተለያየ ቦታ ነው የሚወርዱት።

እኔ በመጀመሪያ ጉዞዬ ቤጂንግ ላይ ለሹፌሩ «የባቡር ጣቢያ» ብቻ አልኩት። ከመኪና ወርጄ የወረቀት ሰሌዳ የያዘችውን ሠራተኛ የትኬቱን ስክሪንሹት ሳሳያት በጣቷ የጣቢያውን ስም መጨረሻ ፊደል ነካች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ከዚያ ወደ ሜትሮው ጠቆመችኝ። የጎደለችኝ ያቺ አንዲት «ናን» ነበረች። ባቡሩ አመለጠኝ።

2. የባቡሩን ፊደል እዩ።

የባቡሩ ቁጥር በእንግሊዝኛ ፊደል ይጀምራል። ጂ ከሆነ በጣም ፈጣኑ ነው፣ በሰዓት እስከ 350 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ዲ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 250 ኪሎ ሜትር ነው። ሲ የሚለው ቅርብ ለቅርብ ከተሞችን የሚያገናኝ ነው። ዜድ፣ ቲና ኬ የተለመዱት ዘገምተኛ ባቡሮች ናቸው፤ ዋጋቸው ርካሽ ስለሆነ ዓይን ይስባሉ። ከቤጂንግ ሻንጋይ ያለው 1,318 ኪሎ ሜትር መንገድ በፈጣኑ ጂ አራት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። በዘገምተኛው ግን ሌሊቱን ሙሉ ነው። ዋጋውን ከማየታችሁ በፊት ፊደሉን እዩ።

3. አካውንት ክፈቱ፣ ፓስፖርታችሁን አስመዝግቡ።

የቻይና ባቡር ድርጅት የራሱ ትኬት መሸጫ 12306 ይባላል። አፕም ድረ ገጽም አለው፣ የእንግሊዝኛ ገጽም አለው፤ የአገልግሎት ክፍያ አይጨምርም። የፓስፖርት መረጃችሁን አስገብታችሁ ማንነታችሁ እስኪረጋገጥ መጠበቅ ግን ግድ ነው። ማረጋገጫው ወዲያው ላይመጣ ስለሚችል ለጉዞው ዋዜማ አትተዉት። ይህ ከከበዳችሁ ትሪፕ ዶት ኮም በሚባለው የጉዞ ትኬት መሸጫ ድረ ገጽ ላይ መቁረጥ ይቻላል፤ ትንሽ ኮሚሽን ይወስዳል እንጂ ትኬቱ ያው ነው። ሦስተኛው መንገድ ጣቢያ ሄዶ በመስኮት በኩል ፓስፖርት ሰጥቶ መግዛት ነው።

እዚህ ላይ ስም አጻጻፉን ተጠንቀቁ። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ ፎርሙ ግን የሚጠይቀው የቤተሰብ ስምና የራስ ስም ነው። ከራሳችሁ አትገምቱ። የፓስፖርቱን የፎቶ ገጽ ክፈቱና የትኛው ስም የት እንደተጻፈ እያያችሁ ፊደል በፊደል ገልብጡ። የፓስፖርት ቁጥሩንም ሁለት ጊዜ አመሳክሩ። ዜሮንና ኦን ያምታታ ሰው በሩ ላይ ነው የሚያውቀው፤ ማሽኑ ትኬቱን የሚፈልገው በዚያ ቁጥር ነውና።

4. ትኬት ቁረጡ።

ትኬት ለሽያጭ የሚወጣው፣ የሚሸጥበትን ቀን ጨምሮ፣ ከጉዞው 15 ቀን ቀደም ብሎ ነው። ተራ ቀን ላይ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው መቁረጥ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በቻይና አዲስ ዓመት ሰሞን፣ በሜይ መጀመሪያና በኦክቶበር የመጀመሪያው ሳምንት ግን በተከፈተ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። በእነዚያ ቀናት ባትጓዙ ይሻላል። ካልቀረ፣ 12306 ላይ ተጠባባቂ ወረፋ መያዝ ትችላላችሁ፤ ትኬት ካልተገኘ ገንዘቡ ይመለሳል።

ዋናዎቹ የወንበር ዓይነቶች ሦስት ናቸው። ሁለተኛ ማዕረግ በአንድ በኩል ሦስት በሌላው ሁለት ወንበር ነው። አንደኛ ማዕረግ ሁለት በሁለት ነው። ቢዝነሱ ሰፊና የሚዘረጋ ነው፣ ዋጋው ግን የሁለተኛውን ሦስት እጥፍ ያህላል። ከቤጂንግ ሻንጋይ ሁለተኛ ማዕረግ 600 ዩዋን ገደማ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለተኛ ማዕረግ በቂ ነው፤ እግር መዘርጊያው አይጠብም።

መስኮት ከፈለጋችሁ ኤ ወይም ኤፍ ምረጡ። ሲና ዲ የመተላለፊያው ዳር ናቸው። ቢ መሃል ነው። ኢ የሚባል ወንበር የለም፤ አትፈልጉት።

«ወንበር የሌለው» የሚል ትኬት ካያችሁ ተዉት። ሁለተኛ ማዕረግ ዋጋ ከፍላችሁ ሙሉውን መንገድ በሁለት ፉርጎ መካከል ቆማችሁ ነው የምትሄዱት።

ትኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት ስታነቡ ቀስ በሉ። በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 14፡00 ማለት በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፣ 08፡00 ማለት ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት። አብረዋችሁ ለሚጓዙ ስትነግሩ በቃል ብቻ አትተዉት፤ ስክሪንሹቱን ላኩላቸው። «በ8 ሰዓት እንገናኝ» ተባብለው አንዱ ጠዋት ሌላው ከሰዓት ጣቢያ የተገኙ ሰዎች አውቃለሁ።

5. ሻንጣችሁን አመቻቹ።

ለአዋቂ የሚፈቀደው 20 ኪሎ ነው። በፈጣን ባቡር የአንድ ሻንጣ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ሲደመር ከ130 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ሚዛን ላይ የሚያወጣችሁ ሰው እምብዛም አያጋጥማችሁም። ዋናው ችግር ሌላ ነው፤ ሻንጣውን ከራሳችሁ በላይ ወዳለው መደርደሪያ የምታነሱት ራሳችሁ ናችሁ። ትልልቅ ሻንጣ የሚቀመጥበት ቦታ በፉርጎው ጫፍ አለ፣ ግን ጠባብ ነው፤ ቀድሞ የገባ ይይዘዋል። ዕቃ ገዝታችሁ ሦስት አራት ሻንጣ የምትጎትቱ ከሆነ ግማሹን በካርጎ መላክ ያዋጣችኋል።

የማያልፉ ነገሮች አሉ፦

- ስለቱ ከ60 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ቢላ ወይም መቀስ። ለቤት የገዛችሁት የወጥ ቤት ቢላም ቢሆን።
- ከ100 ዋት ሰዓት (Wh) የሚበልጥ ወይም ጽሑፉ የጠፋ ፓወር ባንክ። አቅሙ ካልተነበበ ይያዛል።
- ቤንዚን፣ ቀለም ማቅጠኛ፣ ርችትና የመሳሰሉት ተቀጣጣይ ነገሮች።
- ከ2 በላይ ላይተር።
- ትልልቅ የፀጉርና የተባይ ስፕሬይ ቆርቆሮዎች። ትንንሾቹ ያልፋሉ።

ውሃና ምግብ ግን ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ። ፈሳሽ እንደ አውሮፕላን አይከለከልም። ያለበትን ጠርሙስ ፈታሾቹ አንስተው ሊያዩት ወይም አንድ ጊዜ ጎንጭ በሉለት ሊሏችሁ ይችላሉ።

6. ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ጣቢያ ድረሱ።

ብዙ ነው ትሉኝ ይሆናል። ግን ከሜትሮው ወጥቶ መግቢያውን ማግኘት፣ ወረፋው፣ ፍተሻው፣ ከዚያ ሰፊው አዳራሽ ውስጥ በራችሁን መፈለግ አለ። በሜትሮ መሄድ ከታክሲ ይሻላል፤ የመንገድ መጨናነቅ የለበትም። ቤጂንግ ደቡብ በ4ኛውና በ14ኛው መስመር ይደረሳል። ሻንጋይ ሆንግቺያኦ በ2ኛው፣ በ10ኛውና በ17ኛው።

7. በፍተሻ እለፉ።

መጀመሪያ ፓስፖርት ይታያል። የአገሬው ሰው መታወቂያውን ማሽን ላይ አስነክቶ ሲያልፍ ታያላችሁ። አንዳንድ ጣቢያ ፓስፖርት የሚያነብ ማሽን አለው፤ የፎቶውን ገጽ ከፍታችሁ መስታወቱ ላይ ትደፋላችሁ። ማሽኑ እምቢ ካለ ደጋግማችሁ አትታገሉ። ዳር ላይ ሠራተኛ የቆመበት መግቢያ አለ፤ ወደዚያ ሂዱና ፓስፖርቱን ስጡ። ከዚያ ሻንጣ በራጅ፣ እናንተ በመፈተሻ በር ታልፋላችሁ።

8. በራችሁን በባቡሩ ቁጥር ፈልጉ።

አዳራሹ ውስጥ ትልቅ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ላይ የምታዩት የከተማ ስም ባቡሩ በመጨረሻ የሚደርስበት ነው። የእናንተ መውረጃ መሃል ላይ ከሆነ ስሙ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ የከተማ ስም አትፈልጉ፤ ቁጥሩን ፈልጉ። ከቁጥሩ ጎን የበሩ ቁጥር ይታያል፣ ለምሳሌ 10ኤ ወይም 10ቢ። ኤና ቢ አንድ ባቡር ጋ ያደርሳሉ፤ ልዩነታቸው ወደየትኛው የባቡሩ ጫፍ እንደሚያወርዱ ነው። በሩ ላይ የፉርጎ ቁጥር ተጽፎ ካያችሁ የእናንተን ምረጡ።

በሩ የሚከፈተው ብዙውን ጊዜ 15 ደቂቃ ሲቀረው ነው። የሚዘጋው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ እንደ ጣቢያው ይለያያል። ከተዘጋ ባቡሩ ፊት ለፊታችሁ ቆሞ እያያችሁት እንኳ አያስገቧችሁም። የልመና ጉዳይ አይደለም። ሰው እየሮጠ ፕላትፎርም ላይ እንዳይወርድ ተብሎ የተሠራ ደንብ ነው። እዚህም በር ላይ የሚያስፈልገው ፓስፖርቱ ነው፤ ስለዚህ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፣ እጃችሁ ላይ ይሁን።

9. ወለሉን እያያችሁ ፉርጎአችሁን ጠብቁ።

ፕላትፎርሙ ወለል ላይ የፉርጎ ቁጥሮች ተጽፈዋል። የእናንተ ቁጥር ጋ ቁሙ። ከቢጫው መስመር አትለፉ፤ የማይቆም ባቡር በፍጥነት ሊያልፍ ይችላል።

ፉርጎውን ማወቅ ለምን ያስፈልጋል? መሃል ጣቢያ ላይ ባቡሩ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ሌላም አለ። አንዳንዱ 16 ፉርጎ ያለው ባቡር ስምንት ስምንት ሆነው የተቀጠሉ ሁለት ባቡሮች ናቸው። ከ8ኛው ወደ 9ኛው ፉርጎ በውስጥ መተላለፊያ የለም። «ልግባና በውስጥ እሄዳለሁ» ብላችሁ 3ኛው ፉርጎ ከገባችሁ፣ ወንበራችሁ 12ኛው ላይ ከሆነ፣ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ወርዳችሁ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መሮጥ ሊኖርባችሁ ነው።

10. ባቡሩ ውስጥ።

የወንበር ቁጥሩ ከመስኮቱ በላይ ተጽፏል። በተቆረጠላችሁ ወንበር ብቻ ተቀመጡ፤ ቢያስቀይሯችሁ አይክፋችሁ፣ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ሌላ ሰው ይሳፈርበት ይሆናል። የስልክ ቻርጅ ሶኬት ብዙውን ጊዜ ከወንበሩ በታች ወይም በሁለት ወንበር መካከል ነው። በፉርጎው ጫፍ የፈላ ውሃ መቅጃ አለ። መንገደኛው ሁሉ ፔርሙዝ ይዞ የሚነሳው ለዚህ ነው፤ በኩባያ የሚሸጠውን ኑድል ከያዛችሁ እዚያው ታርሱታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሲጋራ የትም አይጨስም፣ ሽንት ቤት ውስጥም። የጭስ ጠቋሚው ሲነሳ ባቡሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል ወይም ይቆማል። ቅጣቱ ከ500 እስከ 2,000 ዩዋን ነው፣ ለ180 ቀን ትኬት እንዳትገዙም ልትደረጉ ትችላላችሁ። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ያው ነው።

11. ለመውረድ አስቀድማችሁ ተነሱ።

መድረሻችሁ የባቡሩ መጨረሻ ካልሆነ 10 ደቂቃ ሲቀረው ሻንጣችሁን አውርዳችሁ በሩ ጋ ቁሙ። ባቡሮቹ ሰዓታቸውን ስለሚያከብሩ ትኬቱ ላይ ባለው የመድረሻ ሰዓት መተማመን ይቻላል። ከጣቢያው ስትወጡም ፓስፖርት ይጠየቃል። ወንበር ኪስ ውስጥ ረስቶት የወረደ ሰው መውጫው ላይ ይቸገራል፤ ባቡሩም ፓስፖርቱን ይዞ ሄዷል። ከመነሳታችሁ በፊት ኪሳችሁን ዳብሱ።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

- ትኬት በአንድ ፓስፖርት ቆርጦ በታደሰ ፓስፖርት መምጣት። ቁጥሩ ስለተለወጠ ማሽኑ አያውቃችሁም። ትኬቱን መልሳችሁ በአዲሱ ቁጥር ቁረጡ።
- ሁለት ባቡር ለመቀያየር 15 ደቂቃ ብቻ መተው። በዚያው ጣቢያ ቢሆንም ቢያንስ 40 ደቂቃ ይኑራችሁ። ጣቢያው ከተለወጠ ደግሞ ከተማውን ማቋረጥ ነውና ሁለት ሰዓት ያዙ።
- ሕፃን ስለሆነ ትኬት አያስፈልገውም ብሎ ዝም ማለት። ከ6 ዓመት በታች ያለ አንድ ልጅ ከአንድ አዋቂ ጋር በነፃ ይሄዳል፣ የራሱ ወንበር ግን የለውም። ትኬት ስትቆርጡ እሱንም በፓስፖርቱ አስመዝግቡት። ከ6 እስከ 14 ዓመት ያለው በቅናሽ ይከፍላል።
- ሆንግ ኮንግን እንደ ማንኛውም የቻይና ከተማ መቁጠር። ሆንግ ኮንግ ወዳለው ዌስት ካውሉን ጣቢያ የምትሄዱ ከሆነ የድንበር ቁጥጥር አለ፤ የሁለቱም ወገን የሚካሄደው እዚያው ጣቢያ ውስጥ ነው። ከሜይንላንድ፣ ማለትም ከዋናው ቻይና፣ ስትወጡ ቪዛችሁ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ መመለስ አትችሉም። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቪዛችሁን አንብቡ።

ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ወይም ባቡሩ ካመለጣችሁ

ትኬት ለመመለስ ከጉዞው 8 ቀንና ከዚያ በላይ ከቀረ ምንም አይቆረጥም። ከዚያ በታች ሆኖ ከ48 ሰዓት በላይ ከቀረ 5 በመቶ፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ከሆነ 10 በመቶ፣ ከ24 ሰዓት በታች ከሆነ 20 በመቶ ይቆረጣል። ባቡሩ ከተነሳ በኋላ ግን ገንዘብ አይመለስም።

ካመለጣችሁ አትደንግጡ፣ አዲስ ትኬትም ለመግዛት አትቸኩሉ። በዚያው ቀን ወደዚያው መድረሻ በሚሄድ ሌላ ባቡር፣ ባዶ ወንበር ካለ፣ ማስለወጥ ትችላላችሁ። በ12306 የቆረጣችሁ ከሆነ አፑ ላይ ሞክሩ። ካልሆነ ወደ ትኬት መስኮት ሂዱ። ፓስፖርቱንና ስክሪንሹቱን አንድ ላይ አቅርቡ፤ ቋንቋ ባትግባቡም ሠራተኛዋ ነገሩን ታውቀዋለች። ትኬት የሚለወጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ «ወዲያው የሚነሳውን» አትበሉ። እንደገና በፍተሻ አልፋችሁ፣ ውሃ ጠጥታችሁ፣ በሩ ጋ በእርጋታ የምትደርሱበትን አንድ ሰዓት ያህል የሚዘገየውን ባቡር ጠይቁ።